ስልካችሁን ከመሸጣችሁ በፊት እንዴት እንደሚጸዳ

ያገለገለ ስልክ ሊሸጥ የተነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ፎርማት ካደረግኩት በኋላ ፎቶዎቼን መልሰው ያወጧቸዋል?» ስልኩ በቅርብ ዓመታት የተሠራ ከሆነ፣ አያወጧቸውም። ጣጣው የሚመጣው ሰው ባልጠረጠረው በኩል ነው። ሲሙ ጎን ተሰክቶ የቀረ ሚሞሪ ካርድ፣ ሳይወጣ የተረሳ የጎግል አካውንት፣ ተከፍቶ የቀረ ቴሌግራም፣ አንዳንዴም ሲሙ ራሱ። ሥራው ግማሽ ቀን ይፈልጋል፤ ገዢው አጠገባችሁ ቆሞ «ቶሎ በሉ» እያለ የሚሠራ አይደለም። የሚቀጥለው በአብዛኛው ስለ አንድሮይድ ነው፣ አይፎን ቀለል ስለሚል ወደ መጨረሻ አጠር ብሎ ይመጣል።

የሚፈለገውን ማውጣት

ከስልክ ቁጥሮች ጀምሩ። ኮንታክት ውስጥ ገብታችሁ ቁጥሮቹ የተቀመጡት ሲም ላይ፣ ጎግል ላይ ወይስ ስልኩ ላይ እንደሆነ እዩ። «ፎን» ወይም «ዲቫይስ» በሚለው ስር ያሉት ከሪሴቱ (ከፎርማቱ) ጋር አብረው ይጠፋሉ። «ኤክስፖርት» ብላችሁ በቪሲኤፍ ፋይል አውጧቸውና በብሉቱዝ ወደ አዲሱ ስልክ ላኩት። ብዙ ሰው የሚያደርገው ወደ ሲም መገልበጥ ነው፣ ግን ደካማ ዘዴ ነው። ሲም በአብዛኛው የሚይዘው 250 ያህል ቁጥር ነው፣ ረጅም ስም ይቆርጣል፣ ሁለት ቁጥር ያለውን ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ያደርገዋል።

ፎቶና ቪዲዮ በኬብል ወደ ኮምፒውተር፣ ኮምፒውተር ከሌለ በኦቲጂ (ፍላሽ ወይም ማውስ ከስልክ ጋር በምታገናኘው ትንሽ ማያያዣ) ወደ ፍላሽ። ጎግል ፎቶስ ላይ መጫንም ይቻላል፤ ነገር ግን ነፃው ቦታ ከጂሜይልና ከድራይቭ ጋር ተጋርቶ 15 ጊጋባይት ብቻ ነው፣ በሞባይል ዳታ ያን ያህል መጫን ደግሞ የስልኩን ዋጋ መብላት ነው። ስትገለብጡ የካሜራው ፎቶ የሚቀመጥበትን ዲሲአይኤም የሚለውን ፎልደር ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። የዋትሳፕ ፎቶዎች «አንድሮይድ» ውስጥ «ሚዲያ» በሚለው ፎልደር ናቸው፣ ስክሪንሾቶችና የወረዱ ፋይሎችም ሌላ ቦታ ናቸው። ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ከየፎልደሩ ሁለት ሦስት ቪዲዮ ከፍታችሁ ሞክሩ። ኬብሉ መሃል ላይ ነቅነቅ ካለ የቪዲዮው ስም ይታያል፣ ሲነኩት ግን አይከፈትም። ይህ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ ከተሸጠ በኋላ ነው።

ቴሌግራም ቅደም ተከተሉ ካልተጠበቀ ያስቸግራል። በሌላ ስልክ የተከፈተ አካውንት ካላችሁ፣ አዲሱ ላይ ስትገቡ የመግቢያው ኮድ በመጀመሪያ የሚላከው በኤስኤምኤስ ሳይሆን ወደ አሮጌው ስልክ ቴሌግራም ነው። አሮጌውን አስቀድማችሁ ካጠፋችሁት ኮዱ እዚያው ሊቀርባችሁ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ አዲሱ ላይ ግቡ፣ ከዚያ አሮጌው ላይ ራሱ «ሎግ አውት» በሉ። «አዲሱ ላይ ሆኜ አሮጌውን አስወጣዋለሁ» ያለ ሰው ሌላ ግድግዳ ይገጥመዋል፤ ቴሌግራም አዲስ የገባን ስልክ ለመጀመሪያው አንድ ቀን ነባሮቹን እንዲያስወጣ አይፈቅድለትም። ሲክሬት ቻት ደግሞ ከነጭራሹ አይሻገርም፤ የሚያስፈልግ ነገር ካለበት አሁኑኑ አውጡት።

ዋትሳፕ ባክአፕ የሚያደርገው በጎግል አካውንታችሁ ላይ ነው። እዚያው «ኤንድ ቱ ኤንድ ኢንክሪፕትድ ባክአፕ» የሚለውን አብሩት። የምታወጡለትን ፓስወርድ ከረሳችሁት ግን ዋትሳፕም ሊከፍትላችሁ አይችልም፤ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ጎግል ኦተንቲኬተር (የመግቢያ ኮድ የሚያወጣውን አፕ) የምትጠቀሙ ከሆነ «ትራንስፈር አካውንትስ» ብላችሁ የሚወጣውን ኪውአር በአዲሱ ስልክ ካሜራ አንሱ። ሁለቱም ስልኮች በእጃችሁ መሆን አለባቸው። ከባንክ አፖችና ከቴሌብር ሎግ አውት አድርጉ። የባንክ አፕ አዲስ ስልክ ላይ ሲጫን እንዴት እንደሚከፈት ባንኩን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቅርንጫፍ ኑ ከተባላችሁ በበዓል ዋዜማ እንዳይሆን።

ስልኩ የተቆለፈ መሆኑን ማረጋገጥ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ሪሴት የሚሠራበትን ምክንያት የያዘው ግን እሱ ነው።

የአሁን ስልኮች ፋይል የሚያስቀምጡት በቁልፍ ተመስጥሮ (ኢንክሪፕት ተደርጎ) ነው። ሪሴት ስታደርጉ ስልኩ 64 ጊጋባይቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አይፍቅም፤ ቢፍቅ ኖሮ በደቂቃዎች አይጨርስም ነበር። የሚያጠፋው ቁልፉን ነው። ቁልፉ ከሌለ ውስጥ የቀረው መረጃ ትርጉም የሌለው የቁጥር ድርድር ነው፤ «ሪከቨሪ ሶፍትዌር አለኝ» የሚለው ባለሙያም የሚያነበው ነገር አያገኝም።

መንግሥታትና የስልክ ኩባንያዎች ለዓመታት የተጨቃጨቁት በዚሁ ቁልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካው የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ በሳን በርናርዲኖ ከተማ ጥቃት ካደረሱት የአንዱን አይፎን 5ሲ ለመክፈት አፕል ልዩ ሶፍትዌር እንዲሠራለት በፍርድ ቤት ትእዛዝ አወጣ። አፕል እምቢ አለ። ጉዳዩ የተቋረጠው ኤፍቢአይ በሌላ ወገን እርዳታ ስልኩን ከፍቶ ጥያቄውን ሲያነሳ ነው። ለፖሊስ ብቻ የሚሆን በር ይሠራ የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። አሮጌ ስልኩን ለማያውቀው ሰው የሚሸጥ ሰው ግን የቱ ወገን እንደሚጠቅመው ለማወቅ ብዙ ማሰብ የለበትም፤ ለፖሊስ ተብሎ የተተወ ቀዳዳን ስልክ ሠሪው ሱቅ ውስጥ ያለውም ልጅ አንድ ቀን ያገኘዋል።

ወደ ሥራው። ስልኩ ከፋብሪካ ሲወጣ አንድሮይድ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከነበረ እለፉት፤ የተቆለፈ ነው። ከ6 እስከ 9 ያሉትም አብዛኞቹ የተቆለፉ ናቸው፣ ርካሾቹ ግን አያስተማምኑም። ፕሮሰሰራቸው ደካማ ለሆነ ስልኮች ጎግል ግዴታውን አንስቶላቸው ነበር፤ ለእነሱ የሚሆን ቀላል የማመስጠሪያ ዘዴ ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተገዛ አነስተኛ ዋጋ ያለው ስልክ ከሆነ ሴቲንግ፣ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ «ኢንክሪፕሽን» የሚለውን ክፈቱ። «ኢንክሪፕትድ» ካለ ጨርሳችኋል። «ኢንክሪፕት ፎን» የሚል ቁልፍ ካለ ባትሪውን ሞልታችሁ፣ ከቻርጀር ሳትነቅሉ አስጀምሩት። አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል፣ መሃል ላይ ከጠፋ ዳታው ይበላሻል። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆናችሁ ባትሪው በቅጡ መሙላቱን ሳታዩ አትጀምሩ።

ሁለቱም ከሌለ በጉልበት ነው። ሪሴት አድርጉት፣ ያለ አካውንት ክፈቱት፣ ሚሞሪው እስኪሞላ ድረስ ቪዲዮ ቅረጹበት፣ ከዚያ እንደገና ሪሴት። በ1080 ጥራት አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ወደ 130 ሜጋባይት ይጠጋል፤ 25 ጊጋባይት ክፍት ቦታ ለመሙላት ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ በአፉ ደፍታችሁ መተው ነው። ኮምፒውተር ያለው ሰው ፊልሞች ቢገለብጥበት ይፈጥንለታል።

አካውንቶቹን ማውጣት

ስልኩ ተሽጦ ገንዘቡም ተቆጥሮ፣ ማታ ላይ ስልክ ይደወላል። «ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ይሄ ስልክ የድሮ ኢሜይል አምጣ እያለኝ ነው፤ አንተ ጋር ይኖራል?» ይህ የጎግል ሎክ ነው። ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ ያለ መከላከያ ሲሆን የሌባን እጅ ለማሰር የተሠራ ነው። የሌባውንና የሐቀኛውን ገዢ እጅ ግን አይለይም። «እናስከፍታለን» የሚሉ ሱቆች አሉ፤ ምን እንደጫኑበት የማይታወቅ ስልክ ላይ የባንክ አፕ መክፈት ግን አይመከርም። ገዢው ገንዘቡን መልስ ቢላችሁ አትፍረዱበት።

መውጫው ቀላል ነው። ሴቲንግ፣ አካውንትስ፣ ጎግል፣ «ሪሙቭ አካውንት»። ሁለት ሦስት ጂሜይል ካለ ሁሉንም። ሳምሰንግ ከሆነ የሳምሰንግ አካውንቱን፣ ሻዎሚ ከሆነ የራሱን አካውንት ደግሞ ለየብቻ አውጡ፤ የየራሳቸው መቆለፊያ አላቸው። ከዚያ ፓተርኑን ወይም ፒኑን አንሱ።

እኛ አገር የሚበዛው እንቅፋት ሌላ ነው። ብዙ ሰው ስልክ ሲገዛ ኢሜይሉን የሚከፍትለት የሱቁ ልጅ ነው። ስሙን እንጃ፣ ፓስወርዱን እንጃ። እንዲህ ከሆነ አትደንግጡ። አካውንቱን ከስልኩ ላይ ለማውጣት የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ የስልኩ ፒን ወይም ፓተርን እንጂ የጂሜይሉ ፓስወርድ አይደለም። ነገር ግን በዚያ ኢሜይል ስር የተቀመጠ ቁጥርና ፎቶ ከኢሜይሉ ጋር ይሄዳል፤ አስቀድማችሁ በቪሲኤፍ ያወጣችሁት ለዚህ ነው። ኢሜይሉ የራሳችሁ ሆኖ ፓስወርዱ ብቻ የጠፋባችሁ ከሆነ ደግሞ ስልኩ ሳይጠፋ አስመልሱት፤ ጎግል ዘወትር ስትጠቀሙበት የኖራችሁትን ስልክ ስለሚያውቀው ከዚያው ላይ ማስመለስ ይቀላል። ፓስወርድ ከቀየራችሁ ሪሴቱን ለ24 ሰዓት አቆዩት።

ሪሴት

ስልኩን አጥፉና በመርፌዋ ትሪውን አውጡ። እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ብዙ ስልኮች ላይ ሁለተኛው የሲም ቦታና የሚሞሪ ካርዱ አንድ ነው፤ ካርዱ የጥፍር ያህል ቀጭን፣ ጥቁር ነገር ስለሆነ ከትሪው ጋር ተመልሶ ሲገባ አይታይም። ካርዱ አብዛኛውን ጊዜ አይመሰጠርም። ከእሱ ላይ ፋይል «ዲሊት» ማድረግ ማለት ስሙን ከማውጫው ላይ መሰረዝ ነው፣ ፎቶው ራሱ እዚያው ቁጭ ብሏል፤ በነፃ ሶፍትዌር ይወጣል። ካርዱን አትሽጡት፤ ዋጋው ይህን ያህል አይደለም። ካርዱን እንደ ስልኩ ውስጣዊ ሚሞሪ አድርጋችሁት ከነበረ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቁልፉ ስልኩ ውስጥ ስለሆነ ከሪሴት በኋላ እናንተም አትከፍቱትም። ፋይሉን አስቀድማችሁ አውጡ።

ከዚያ ስልኩን አብሩና፦ በቴክኖና በኢንፊኒክስ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ «ሪሴት ኦፕሽንስ»፣ «ኢሬዝ ኦል ዳታ»። በሳምሰንግ ሴቲንግ፣ «ጄነራል ማኔጅመንት»፣ ሪሴት፣ «ፋክትሪ ዳታ ሪሴት»። ኢሲም (ካርድ የሌለው፣ ስልኩ ላይ የሚጫን ሲም) ካለበት እሱንም እንዲያጠፋ ምረጡ። የፓወርና የድምፅ ቁልፍ ይዞ ሪሴት ማድረግ አቋራጭ ይመስላል፣ አካውንት ሳያወጡ ከተደረገ ግን የጎግል ሎክን የሚጠራው እሱ ነው።

ሲጨርስ ቋንቋ ምረጡና ዋይፋይ አገናኙት። ጎግል ግቡ ሲል «ስኪፕ» የሚል ካለ ንጹህ ነው። የድሮውን ፒን ወይም ኢሜይል ከጠየቀ ሎኩ አልተነሳም፤ በገዛ ኢሜይላችሁ ገብታችሁ አውጡትና ድገሙት። ያለ ኢንተርኔት የተደረገ ፍተሻ አይታመንም።

አይፎን ላይ፦ ሴቲንግ፣ ጄነራል፣ «ትራንስፈር ኦር ሪሴት አይፎን»፣ «ኢሬዝ ኦል ኮንቴንት ኤንድ ሴቲንግስ»። የአፕል ፓስወርድ ሲጠይቅ አስገቡ፤ «ፋይንድ ማይ» (የጠፋ አይፎን መፈለጊያውና መቆለፊያው) የሚጠፋው በዚያ ነው።

ማስረከብ

ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ደውላችሁ አይኤምኢአዩን (የስልኩን መለያ ቁጥር) ጻፉ። ሁለት ሲም ከሆነ ሁለት ቁጥር ነው። ቀን፣ ዋጋ፣ የገዢው ስምና ፊርማ ያለበት አንድ ወረቀት ያዙ፤ ስልኩ ነገ ሌላ ጉዳይ ውስጥ ቢገኝ ከእጃችሁ መቼ እንደወጣ ማሳያችሁ ነው። «ሲሙን ከነቁጥሩ ጨምርልኝ» የሚል ገዢ ይመጣል። አይሆንም። ሲሙ በእናንተ ስም ነው፣ የባንኩ መልእክትና ቴሌብሩም እዚያው ነው።

ስክሪኑ የተሰበረ፣ አልበራም ያለ

ስክሪኑ ቢታይም ጣት የማይቀበል ከሆነ በኦቲጂ ማውስ ሰክታችሁ እንደ ኮምፒውተር አዙሩት። ምንም የማይታይ ከሆነ፣ ስልኩ በርቶ ኢንተርኔት ካለው፣ በኮምፒውተር ጎግል አካውንታችሁ ገብታችሁ ከሩቅ ማጥፋት ይቻላል፤ ጎግል ሎኩ ግን ይቀራልና ለገዢው ንገሩት።

ከነጭራሹ የማይበራ ስልክ ለዕቃ ሲሸጥ ዳታው ያለው ቦርዱ ላይ ነው። ስክሪኑን፣ ባትሪውን፣ ካሜራውን ሽጡ፤ ቦርዱን ራሳችሁ ጋ አስቀሩ። ቦርዱን ጠግኖ ያስነሳ ሰው ስልኩን ከነዳታው ነው የሚያስነሳው፣ ፒን ካልነበረበት ደግሞ በቀጥታ ይገባል። ማስወገድ ከፈለጋችሁ ሚሞሪ ቺፑን በመሰርሰሪያ ብሱት። ባትሪውን አስቀድማችሁ ማውጣት እንዳትረሱ፤ የተበሳ ሊቲየም ባትሪ እዚያው እጃችሁ ላይ ይቀጣጠላል።