‹ፓሊምፕሴስት› የሚለውን ቃል መረዳትና በጽሑፍ መጠቀም

በእንግሊዝኛ ልብ ወለድና ሒስ ውስጥ አልፎ አልፎ ብቅ የሚለው ‹ፓሊምፕሴስት› ብዙ አንባቢን ወደ መዝገበ ቃላት ቢልክም፣ ብራና ሲወጠርና ሲፋቅ እያየ ላደገ የጎጃም ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ምንጩ ግሪክኛ ሲሆን ‹ዳግመኛ የተፋቀ› ማለት ነው፤ የተጻፈበት ብራና ተፍቆ ወይም ታጥቦ ሌላ ጽሑፍ ሲሰፍርበት፣ የፊተኛው ቀለም ግን ፈጽሞ ሳይለቅ ከሥር ደብዝዞ ሲታይ፣ ያ ብራና በዚህ ስም ይጠራል።

ቃሉን ለመያዝ አንድ እውነተኛ ብራናን ማሰብ ይበጃል። በ10ኛው መቶ ዘመን የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ የአርኪሜዲስ ድርሳናት የተገለበጡበትን ብራና፣ በ1229 እ.ኤ.አ. አንድ ጸሐፊ ፍቆ፣ ቅጠሎቹን 90 ዲግሪ አዙሮና ከመሐል አጥፎ የጸሎት መጽሐፍ አደረገው፤ በመሆኑም የጸሎቱ መስመር በአግድም ሲሄድ የሒሳቡ መስመር ከሥሩ በቁም ያቋርጠዋል። (ለአንድ መጽሐፍ ስንት የፍየል ቆዳ እንደሚፈጅ የሚያውቅ ብራና ፋቂ ሰውየውን አይወቅሰውም።)

ደራስያን ቃሉን ከብራና አውጥተው ለትዝታና ለከተማ አዋሉት፤ እንግሊዛዊው ደራሲ ቶማስ ዴ ኩዊንሲም በ1845 እ.ኤ.አ. የሰውን አእምሮ በፓሊምፕሴስት መስሎታል። የእኛ ጸሐፊ፣ በተለይም ቅኔ ቤት የዋለው፣ ቃሉን ከሰምና ወርቅ ጋር አንድ በማድረግ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወርቁን ከሰሙ ሥር የሸሸገው ባለቅኔው ራሱ ነው፤ እንዲገኝለትም ይሻል። የፓሊምፕሴስት የታችኛው ጽሑፍ ግን የሌላ እጅና የሌላ ዘመን ነው፤ የላዩን የጻፈውም የታችኛው እንዲነበብ አላሰበም።

ስለዚህ ቃሉን ከመጠቀምዎ በፊት የተፋቀው ምን እንደሆነ፣ በምን እንደተተካና ርዝራዡ የት እንደሚታይ ይጠይቁ። የዓባይን ገደል ንብብር ዓለት አይቶ ‹ፓሊምፕሴስት› ማለት ስሕተት ነው፤ የተደራረበ እንጂ የተፋቀ ነገር የለውምና። ደብረ ማርቆስን እንዲህ ቢሏት ግን ያስኬዳል፤ መንቆረር የሚለው የቀድሞ ስሟ በቤተ ክርስቲያኑ ስም ቢተካም ጨርሶ አልተረሳም። ‹ድርብ ጽሑፍ› የሚለውን አቻ እኔ አልመርጠውም፤ መፋቁን ያስቀረዋል። አንዳንዴ ከነጭራሹ ቃሉን ሳይጠሩ ምስሉን ብቻ ማሳየት ይሻላል፦ «ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ግድግዳው ኖራ ተቀብቷል፤ ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ግን እህቴ በከሰል የጻፈችው ሀ ሁ ከኖራው ሥር ይነበባል።»