መቼ ልልቀቅ፣ መቼ ልቀበል? ቀድሞ ጡረታ ለመውጣት ለሚያስብ የመንግሥት ሠራተኛ

የመንግሥት ሥራ ላይ ሃያ ምናምን ዓመት የቆየ ሰው አንድ ቀን "አሁን ብወጣ ስንት ይደርሰኛል?" ማለቱ አይቀርም። ከዚያ የጡረታ መመሪያውን ይከፍታል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ይዘጋዋል። አልፈርድበትም። አሮጌው ሕግ ሳይነሳ አዲሱ እየተደረበ፣ ለነባሮቹ አንድ ለአዲሶቹ ሌላ እየተባለ የመጣ ነገር ስለሆነ አዋቂ ነኝ ባዩም ይሳሳታል።

ለእኔ የተገለጠልኝ ሦስት ቀኖችን ለይቼ ወረቀት ላይ ስጽፋቸው ነው። አንደኛው ሥራ የምትለቁበት ቀን። ሁለተኛው አበል መቀበል የምትጀምሩበት። ሦስተኛው ምንም ሳይቀነስባችሁ ሙሉ አበል የሚገባችሁ ቀን፣ ማለትም መደበኛው የጡረታ ዕድሜ። ብዙ ሰው ሦስቱን እንደ አንድ ቀን ያያቸዋል፤ ገንዘቡን የሚያጣውም እዚያ ላይ ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል ሠራተኞችን የጡረታ ዕቅድ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1970 ወይም ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሠራተኛ 10 ዓመት ካገለገለ በ57 ዓመቱ መውጣት ይችላል። አገልግሎቱ 30 ዓመት ካልሞላ ግን ከ62 ለጎደለው ለእያንዳንዱ ዓመት 5 በመቶ ይቀነስበታል። በ57 አበሉን ከጀመረ 25 በመቶው ሄደ፣ ያውም ዕድሜ ልኩን። እዚህ ጋ ልብ በሉ፦ ያው ሰው በ57 ሥራውን ለቅቆ አበሉን ግን እስከ 62 ሳይነካ ቢያቆየው ቅነሳ የለም። 20 ዓመት ያገለገለ ከሆነማ 60 ላይ ቢጀምር ሙሉውን ያገኛል። ከሥራ የተሰናበተበት ቀን ያው ነው፤ የተለወጠው አበሉ የጀመረበት ቀን ብቻ።

ቅነሳውን ብዙዎች እንደ ቅጣት ያዩታል። አይደለም። ቀድሞ የጀመረ ሰው ለብዙ ዓመት ስለሚከፈለው በየወሩ የሚደርሰው ይሳሳል፣ ነገሩ ይኸው ነው። ይልቅ ራሳችሁ ልታሰሉት ትችላላችሁ፣ ካልኩሌተር ይበቃል።

መደበኛው ዕድሜ 60፣ ቅነሳው በዓመት 5 በመቶ ነው እንበል። እናንተ 55 ዓመታችሁ ነው፣ 25 ዓመት አገልግላችኋል፣ እስካሁን ያጠራቀማችሁት 60 ሲሞላችሁ በወር 1,000 ያስገኛል። ለቅቃችሁ ዛሬውኑ መቀበል ከጀመራችሁ 750 ነው። ለቅቃችሁ እስከ 60 ከጠበቃችሁ 1,000። ሥራችሁ ላይ እስከ 60 ከቆያችሁ አምስት ዓመት አገልግሎት ይጨመርላችኋል፣ ስለዚህ ደመወዛችሁ ንቅንቅ ባይል እንኳ 1,200። ሦስት ቁጥር፣ ሦስት የተለያየ ኑሮ።

አሁን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አነጻጽሩ። ቶሎ የጀመረው በአምስት ዓመት ውስጥ 45,000 ኪሱ ገብቷል። ከ60 በኋላ ግን በየወሩ 250 ይቀድመዋል ያ የጠበቀው። 45,000ን ለ250 ስታካፍሉ 180 ወር፣ ማለትም 15 ዓመት። የሚገናኙት 75 ዓመት ላይ ነው። "ማን 75ን ያያል!" የሚል አይጠፋም። እኔ እንደዚያ ባይ አልወድም፤ ብዙ ሰው ያየዋል፣ የሚቸግረውም ያኔ ነው። በሌላ በኩል ጤናው የታወከ ወይም ዕዳ ያለበት ሰው ቶሎ መጀመሩ ሞኝነት አይደለም።

ይህ ስሌት ግን አንድ ነገር ዘሏል፣ የዋጋ ንረት። በጥበቃው ጊዜ አበሉ ከኑሮ ውድነት ጋር ያድጋል ወይስ ቆሞ ይቀራል? ቆሞ የሚቀር ከሆነ በ60 የምትቀበሉት 1,000 የዛሬው 1,000 አይሆንም። ተከፋይ ከሆናችሁ በኋላም እንደዚሁ ጠይቁ፤ በአሜሪካው ዕቅድ አብዛኛው ጡረተኛ 62 እስኪሞላው የንረት ጭማሪ አያገኝም።

ሌላው ራስ ምታት አንድ ሰው በሁለት ሕግ ሥር መገኘቱ ነው። የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎትን የጡረታ ዕቅድ ብትወስዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1995ቱ ክፍል መደበኛው ዕድሜ 60 ነው፣ በ2008ቱ 65፣ በ2015ቱ ዕቅድ ደግሞ የአገሪቱ አጠቃላይ የጡረታ ዕድሜ። ስለዚህ ነባር ነርስ በ60 ሁሉንም ልቀበል ብትል አሮጌው ድርሻዋ ሙሉ ነው፣ አዲሱ ግን ይቀነሳል። የሁለቱ ስሌትም ለየቅል ነው፤ አሮጌው የመጨረሻ ዓመታትን ደመወዝ ያያል፣ አዲሱ የሙሉ ሥራ ዘመንን አማካይ። እንዲህ ያለ ነገር ካለባችሁ "የጡረታ ዕድሜዬ ስንት ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ለየትኛው ድርሻዬ ስንት ነው?" በሉ።

በፈቃድ ከመልቀቅ ሌላ በሮችም አሉ። መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሲቀንስ የሚከፈተው አንዱ ነው፦ በአሜሪካ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞቹን ቀድሞ በጡረታ እንዲያሰናብት ፈቃድ ሲሰጠው 50 ዓመት ሞልቶት 20 ዓመት ያገለገለ፣ ወይም በየትኛውም ዕድሜ 25 ዓመት ያገለገለ ሰው፣ ለዕድሜው ሳይቀነስበት ሊወጣ ይችላል። የሠራተኛ ቅነሳ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ካለ የመልቀቂያ ደብዳቤያችሁን ትንሽ አዘግዩት። በጤና ጉድለት የሚወጣ ሰውም የራሱ መስፈርት አለው። ታማችሁ ከሆነ በፈቃዴ ለቀቅኩ ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ይህንኑ በር አንኳኩ።

በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ጠቀም ያለ ገንዘብ ሲቀርብላችሁ ደግሞ ረጋ በሉ። በብዙዎቹ የብሪታንያ የመንግሥት ዕቅዶች ከዓመታዊ አበል 1 ፓውንድ ስትተዉ 12 ፓውንድ በአንድ ጊዜ ይሰጣችኋል። ከ12 ዓመት በላይ ከኖራችሁ አበሉ ይሻል ነበር ማለት ነው፣ ግብሩን ለጊዜው ብንተወው። ለባለቤታችሁና ለልጆቻችሁ የሚተላለፈው ምን ያህል እንደሆነና የጤና መድንም አብሮ ይቀጥል እንደሆነ ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ መድኑን ይዞ ለመውጣት በጥቅሉ ከጡረታ በፊት ያሉትን አምስት ዓመታት በመድኑ ውስጥ መቆየት ያስፈልጋል። አራት ዓመት ተኩል ላይ መልቀቅ ያስቆጫል።

የመጨረሻው አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን ከሁሉም የሚበልጥ። የአገልግሎት ዘመን መረጃችሁን አስወጡና ከቅጥር ደብዳቤዎቻችሁ ጋር መስመር በመስመር አስተያዩ። የእኔ ላይ 14 ወር ጠፍቶ ነበር። በኮንትራት የጀመርኩበት ጊዜ ነው፤ መዋጮው ከደመወዜ ተቆርጧል፣ መዝገቡ ላይ ግን የለም። ያዳነኝ ቢጫ የሆነ የደመወዝ ወረቀት ነው፣ ካርቶን ውስጥ ከልጆች ደብተር ጋር ተቀላቅሎ የተገኘ። ለማስተካከል ሰባት ወር ፈጀ። ለቅቄ ቢሆን ኖሮ ማን ይሰማኝ ነበር?

መዝገቡ ሲጠራ በጽሑፍ ግምት ጠይቁ። አንድ አይደለም፣ ሦስት፦ ዛሬ ለቅቄ ዛሬ ብጀምር፣ ዛሬ ለቅቄ በመደበኛው ዕድሜ ብጀምር፣ እስከ መደበኛው ዕድሜ ብሠራ። ጸሐፊው በቃል "ብዙ ልዩነት የለውም" ቢላችሁ ፈገግ በሉና ወረቀቱን ጠብቁ። መልቀቂያውን ከዚያ በኋላ ትጽፋላችሁ።