የኔትወርክ ኬብልና ስዊች ድምጽ ያጠራሉ? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሙዚቃ በኔትወርክ የሚያዳምጥ ሰው ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ውድ የኔትወርክ ኬብል ብገዛ፣ «ለኦዲዮ» ተብሎ የተሠራ ስዊች (የኔትወርክ መሣሪያዎችን እርስ በርስ የሚያገናኝ ሳጥን) ባስገባ ድምጹ ይጠራ ይሆን? አንዱ «ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው» ይላል። ሌላው «ዜሮና አንድ ምን ይቀየራል?» ብሎ ያልፋል። እኔ የማምነው ይህን ነው፦ ኔትወርኩ በአግባቡ እየሠራ ከሆነ ኬብልና ስዊች መቀየር ሙዚቃውን አያሻሽለውም። ነገር ግን ኔትወርክ ድምጽን የሚነካባቸው ጥቂት እውነተኛ መንገዶች አሉ። እነሱን ለይቶ ያላወቀ ሰው ገንዘቡን የማያስፈልግ ቦታ ያፈስሳል፤ እውነተኛው ችግር ደግሞ እዚያው ይቀመጣል።

የኔትወርክ ኬብልን እንደ ስፒከር ኬብል ማሰብ

በስፒከር ኬብል ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ሞገድ ራሱ ሙዚቃው ነው። ሞገዱ ከተዛባ ሙዚቃውም ተዛባ። በኔትወርክ ኬብል የሚያልፈው ግን ቁጥር ነው። ተቀባዩ መሣሪያ የሚለየው ከታወቁት ጥቂት የቮልቴጅ ደረጃዎች የትኛው እንደመጣ ብቻ ነው። በመዳብ ኬብል በሚሠራ የአንድ ጊጋቢት ኔትወርክ እነዚህ ደረጃዎች 5 ናቸው።

በዚያ ላይ እያንዳንዱ የኢተርኔት (የኬብል ኔትወርክ አሠራር) ፍሬም፣ ማለትም መረጃው ተከፋፍሎ የሚላክበት ጥቅል፣ መጨረሻው ላይ 32 ቢት የማረጋገጫ ቁጥር ይዞ ይመጣል። መንገድ ላይ አንዲት ቢት ብትበላሽ ቁጥሩ አይገጥምም፤ ፍሬሙም ይጣላል። አብዛኛው የሙዚቃ ስትሪሚንግ በቲሲፒ (መረጃው መድረሱን በሚያረጋግጥ የአላላክ ደንብ) ስለሚሄድ የጎደለው እንደገና ይላካል። እንግዲህ መረጃው ወይ ሙሉ ሆኖ ይደርሳል፣ ወይ በጊዜው ሳይደርስ ቀርቶ ሙዚቃው ይቆማል። «ባሱ ወፈረ፣ የዘፋኟ ድምጽ ቀረበ» የሚያሰኝ ውጤት ከዚህ አይገኝም። ባስ እንዲወፍር በጣም ብዙ ቁጥሮች ሥርዓት ባለው መንገድ አንድ ላይ መቀየር አለባቸው። የኬብል ስህተት እንዲህ ዓይነት ሥርዓት የለውም።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። አንድ የሙዚቃ ፋይል በርካሹ ኬብል፣ ከዚያም በውዱ ኬብል ይቅዱ። የሁለቱን ቅጂዎች የኤስኤችኤ-256 አሻራ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ቁጥር) በኮምፒውተር ያሰሉ። አሻራው ከገጠመ ቅጂዎቹ እስከ መጨረሻዋ ቢት ድረስ አንድ ናቸው።

«ካት 8 ስለሆነ ይሻላል» ማለት

«ካት» የኔትወርክ ኬብሎች የደረጃ ምድብ ነው። ሒሳቡን እንሥራ። የሲዲ ጥራት ማለት በሰከንድ 44,100 ናሙና (የድምጹ ልክ የተመዘገበበት ቁጥር)፣ እያንዳንዱ 16 ቢት፣ በሁለት ቻናል ነው። ሲባዛ 1.4 ሜጋቢት በሰከንድ ገደማ ይመጣል። 24 ቢትና 192 ኪሎኸርዝ የሆነው ከፍተኛ ጥራት እንኳ ሳይታመቅ 9.2 ሜጋቢት ገደማ ነው። የድሮው 100 ሜጋቢት ኔትወርክ ይህን አሥር እጥፍ ያህል ይሸከማል። ካት 5ኢ ኬብል ደግሞ 1 ጊጋቢት እስከ 100 ሜትር ያደርሳል። ካት 8 የተሠራው ለዳታ ማዕከላት ነው፤ 40 ጊጋቢት እስከ 30 ሜትር ለማድረስ።

ከምድቡ ይልቅ ሽቦውን ይመልከቱ። አንዳንድ ርካሽ ኬብሎች ውስጣቸው አሉሚኒየም ሆኖ ላዩን ብቻ መዳብ የተለበጡ ናቸው። ቶሎ ይሰበራሉ፤ በኔትወርክ ኬብል ኃይል ለሚያገኙ መሣሪያዎችም አይመከሩም። ሙሉ መዳብ የሆነ፣ መሰኪያው በደንብ የሚይዝ ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ይበቃል።

የፓኬት መዘግየትን ከጂተር ጋር መቀላቀል

ይህ ከሁሉም በላይ ሰው የሚያሳስት ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይረው ዳክ እያንዳንዱን ናሙና በእኩል የጊዜ ልዩነት ማውጣት አለበት። ጊዜውን የሚለካለት ክሎክ ከተንቀጠቀጠ ድምጹ ሊዛባ ይችላል፤ ጂተር የሚባለው ይህ ነው። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። ስህተቱ «ስለዚህ ፓኬቶቹ (ተከፋፍለው የሚላኩት የመረጃ ጥቅሎች) በእኩል ጊዜ እንዲደርሱ ጥሩ ክሎክ ያለው ስዊች ያስፈልጋል» የሚለው ድምዳሜ ላይ ነው።

ፓኬቶች ድሮም በእኩል ጊዜ አይደርሱም። ብዙ ሆነው ተከታትለው ይመጣሉ፣ ከዚያ ዝም ይባላል፣ ከዚያ እንደገና ይመጣሉ። ማጫወቻው ተቀብሎ ባፈር በሚባል ጊዜያዊ ማከማቻ ውስጥ ያከማቻቸዋል። ከዚያ በኋላ ናሙናዎቹ የሚወጡት ራሱ ማጫወቻው ወይም ዳኩ ውስጥ ባለው ክሎክ ነው። ውሃ በባልዲ ቢመጣም በቦቴ ቢመጣም ከጋኑ ቧንቧ የሚወርደው በቧንቧው ልክ እንደሆነ ማለት ነው። የስዊቹ ክሎክ የሚመራው ከስዊቹ እስከ ቀጣዩ መሣሪያ ያለውን ግንኙነት ብቻ ነው። ዳኩ ጋ አይደርስም።

ለዚህም ፈተና አለው፤ እኔ በጣም የምወደው ነው። ሙዚቃው እየተጫወተ ሳለ የኔትወርክ ኬብሉን ከማጫወቻው ይንቀሉት። ባፈሩ ሰፊ ከሆነ ሙዚቃው ለተወሰነ ጊዜ ይቀጥላል። በዚያ ጊዜ ኬብል የለም፣ ስዊች የለም፣ በእነሱ በኩል የሚገባ የኤሌክትሪክ ረብሻም የለም። ኬብሉ ድምጹን ይቀይር የነበረ ከሆነ ለውጡ እዚያው መሰማት አለበት። ተለውጧል? በእርጋታ ያዳምጡ።

«ዲጂታል ስለሆነ ረብሻ አያመጣም» ብሎ መዝጋት

ተጠራጣሪዎቹ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ኬብሉ መረጃውን ባይነካም ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በእያንዳንዱ የኢተርኔት ሶኬት ውስጥ ትንንሽ ትራንስፎርመሮች አሉ። የመረጃ ሽቦዎቹ ሁለቱን መሣሪያዎች በቀጥታ እንዳያገናኙ ይለያሉ፤ መለያየቱም 1,500 ቮልት እንዲችል ይፈተናል። በዚህ የተነሳ ተራ ኬብል ብዙ ጊዜ ችግር አያመጣም።

በብረት ልባስ የተሸፈነው ኬብል ግን ሌላ ነገር ያደርጋል። የብረት መሰኪያው የአንዱን መሣሪያ አካል ከሌላው ጋር ያገናኛል። ሁለቱም ከመሬት መስመር ጋር የተያያዙ ከሆነ የግራውንድ ሉፕ (በመሬት መስመሮቹ በኩል የሚዞር ያልተፈለገ ኤሌክትሪክ) ሊፈጠር ይችላል። ውጤቱ 50 ወይም 60 ኸርዝ ላይ የሚያጉረመርም፣ አንዳንዴም «እዝዝ» የሚል ድምጽ ነው። እንግዲህ ለጥራት ተብሎ የተገዛው ውድ ኬብል ችግሩን ራሱ ያመጣል ማለት ነው። መፍትሔው ደስ የሚል ነው፦ ልባስ የሌለው ርካሽ ኬብል። ካልበቃ ደግሞ በመሃል ፋይበር ኦፕቲክ ማስገባት ይቻላል፤ መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

ይህ ረብሻ ካለ በጸጥታ ውስጥ ይሰማል። ሙዚቃውን ያቁሙ፣ ቮሊውሙን ቀስ ብለው ከፍ ያድርጉ፣ ኬብሉን ይንቀሉና ይሰኩ። ልዩነት ከሌለ ከኬብሉ የመጣ ረብሻ የለም። እንደገና ሙዚቃ ከማስጀመርዎ በፊት ቮሊውሙን መቀነስ አይርሱ፤ ስፒከር ሊጎዳ ይችላል።

የጥራት ቅንብሩን አለማየት

ድምጹ ሳይቆራረጥ ጥራቱ የሚወርድበት አንድ እውነተኛ መንገድ አለ። ብዙ የሙዚቃ መተግበሪያዎች «አውቶማቲክ» የሚል የጥራት ምርጫ አላቸው። ኔትወርኩ ሲደክም ይበልጥ የታመቀ ፋይል ያመጣሉ። አድማጩ «ዛሬ ድምጹ ደነዘዘ» ይላል፤ ልክም ሊሆን ይችላል። ደካማ ዋይፋይ ትቶ በኬብል የገባ ሰው «ድምጹ ተሻሻለ» ቢል አልከራከረውም። ያሻሻለው ግን የኬብሉ ዓይነት አይደለም፤ የተረጋጋ ግንኙነት ነው። ጥራቱን ከፍተኛው ላይ ይቆልፉት።

መቆራረጥ ካለ ደግሞ ስዊቹ የስህተት ቆጠራ የሚያሳይ ከሆነ እሱን ይመልከቱ። ግንኙነቱ ከ1 ጊጋቢት ወደ 100 ወይም 10 ሜጋቢት ወርዶ ከሆነ አንድ ሽቦ ወይም መሰኪያ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ጤነኛ በሆነ በማንኛውም ኬብል ይተኩት።

የስቱዲዮና የመድረክን ሕግ ቤት ማምጣት

«ባለሙያዎቹስ ስዊች ይመርጡ የለ?» የሚባለው እውነት ነው። ዳንቴ እና ኤኢኤስ67 የሚባሉት ሥርዓቶች ድምጽን በቀጥታ፣ በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ ያደርሳሉ። የጠፋ ፓኬት እንደገና ለመላክ ጊዜ የለም። መሣሪያዎቹም ክሎካቸውን የሚያስተካክሉት በዚያው ኔትወርክ በኩል ነው። ስለዚህ የስዊቹ ቅንብር ወሳኝ ነው፤ ለክሎክና ለድምጽ ፓኬቶች ቅድሚያ መስጠት፣ ኃይል ቆጣቢውን የኢተርኔት አሠራር ማጥፋት ያስፈልጋል። ቅንብሩ ከተሳሳተ የሚመጣው ጠቅታና መቆራረጥ ነው። ቤት ውስጥ በባፈር የሚጫወት ሙዚቃ ይህ ሁሉ አይመለከተውም።

ቀስት ማየትና «ኬብሉ ይሟሽ» ማለት

በጊጋቢት ኢተርኔት እያንዳንዱ የሽቦ ጥንድ በአንድ ጊዜ በሁለቱም አቅጣጫ ይልካል። ኬብሉ ላይ የታተመ ቀስት ትርጉም የለውም። ብዙ ሰዓት ማጫወትም ቁጥሮቹን አያለሰልሳቸውም።

እያዩ ማወዳደር

ልዩነት ሰማሁ የሚል ሰው አይዋሽም። ጆሮ ብቻውን አይሰማም፤ ዓይን ያየው ዋጋና አእምሮ የጠበቀው ነገር ሁሉ በምንሰማው ውስጥ ይገባል። ይህ የሁላችንም ተፈጥሮ ነው። ስለዚህ ማየትን ማስወጣት ያስፈልጋል። ሌላ ሰው ሳንቲም እየወረወረ ኬብሉን ይቀይር ወይም የቀየረ ያስመስል። እርስዎ የትኛው እንደሆነ ይናገሩ፤ እሱ ይመዝግብ። ዘፈኑ አንድ ይሁን፣ ቮሊውሙ አይነካ፣ ውጤቱም እስከ መጨረሻው አይነገርዎት። በግምት ብቻ ከ10 ሙከራ 9 ወይም ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድል 1 በመቶ ገደማ ነው። 6 ወይም 7 ማግኘት ግን ምንም አያሳይም፤ በግምትም በቀላሉ ይገኛል።

ሻጩ ዕቃ የመመለሻ ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ ፈተናውን በዚያ ጊዜ ውስጥ ይጨርሱት።