ጊታር አምፕ ሲያስቸግር፦ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት

አምፕ፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው ሳጥን፣ ሲበላሽ እጃችን ቶሎ ወደ ካቻቢቴ ይሄዳል። ቆይ! ካየኋቸው ብልሽቶች አብዛኞቹ ከሳጥኑ ውጭ ነበሩ። ከጊታሩ ጀምራችሁ ወደ ስፒከሩ ሂዱ።

መብራቱ በርቷል፣ ድምፅ ግን የለም ወይም ይቆራረጣል። ፔዳሎቹን (በእግር የሚረገጡትን የድምፅ መቀየሪያዎች) በሙሉ አውጡና ጊታሩን በአንድ ኬብል በቀጥታ ሰኩት። ድምፁ ከተመለሰ ጥፋቱ ከፔዳሎቹ ወይም ከአጫጭር ኬብሎቻቸው ነው። ካልተመለሰ ኬብሉን ቀይሩ። ኬብል ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ጃኩ (ጫፉ ላይ ያለው መሰኪያ) አንገት ላይ ነው። እዚያ ጋ ስታወዛውዙት ድምፁ ሄድ መለስ ካለ አገኛችሁት። ከጀርባ «ሴንድ» እና «ሪተርን» የሚሉ ቀዳዳዎች ካሉም ሁለቱን በአጭር ኬብል አገናኟቸው። ድምፅ ከመጣ የሪተርኑ ውስጥ ቆሽሿል ማለት ነው።

ኖቡ (የሚዞረው መቆጣጠሪያ) ሲዞር ይንኮሻኮሻል። አቧራ ነው። አጥፍታችሁ ከዳር እስከ ዳር ሃያ ሠላሳ ጊዜ አዙሩት። ዘይት አትንፉበት፤ ቅባቱ ሌላ አቧራ ይሰበስባል።

«እምምም» የሚል ድምፅ አለው። የጊታሩን ቮሊዩም ዝጉ። ከጠፋ የመጣው ከጊታሩ በኩል ነው፤ ከፍሎረሰንት መብራትና ከቻርጀር ራቁ። ካልጠፋ ሶኬቱ የመሬት ሽቦ እንዳለው አስፈትሹ። ክሩን ወይም ማይኩን ስትነኩ ከነዘራችሁ ግን ወዲያው ነቅላችሁ አቁሙ። ይሄ ሰው ይገድላል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ከአሜሪካ የመጣ አምፕ ተሰካና ፊውዙ ተቃጠለ። የእነሱ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ወንድሜ ከዚያ ያመጣልኝን አምፕ ጀርባውን ሳላነብ ሰካሁት። ፊውዝ ቀይሬ ደገምኩት፤ በሁለተኛው ትራንስፎርመሩ ነደደ። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። እናንተ መጀመሪያ ጀርባውን አንብቡ። የቮልት መምረጫ ካለው ወደ 220 ወይም 230 አዙሩት፤ ፊውዙም ለዚያ ቮልት የተጻፈው ይሁን። መምረጫ ከሌለው 220ውን ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋችኋል። «50 ዋት አምፕ ነው» ብላችሁ የ50 ዋት እንዳትገዙ። 50 ወደ ስፒከሩ የሚወጣው ነው፤ ከሶኬት የሚስበው ከዚያ በጣም ሊበልጥ ይችላል። እሱም ጀርባው ላይ ተጽፏል፤ ከእሱ ከፍ ያለ ግዙ። የተቃጠለ ፊውዝ በሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት ጠቅልላችሁ አትመልሱ። ፊውዝ የሚቃጠለው ሌላው እንዲተርፍ ነው።

የትዩብ አምፕ (አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ) ከሆነ ስፒከሩ ሳይገናኝ በፍጹም አታብሩት፤ የድምፅ መውጫ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ስፒከሩንም በጊታር ኬብል አታገናኙ፣ የራሱ ወፍራም ገመድ አለው። ሲያፏጭ ወይም ሲያቃጭል ትናንሾቹን ትዩቦች በእርሳስ ቀስ አድርጋችሁ አንኳኩ። አንዱ ሲንኳኳ ድምፁ በስፒከሩ ጎልቶ ከተሰማ የሚቀየረው እሱ ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ንቀሉት፤ ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ሊዘል ይችላል።

በዚህ ሁሉ ካልተገኘ ለባለሙያ ውሰዱት። የትዩብ አምፕ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) አምፑ ከተነቀለ በኋላም ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።