ተመቶ የሚሮጥ እንስሳ፦ ጥፋቱ የአረሩ ሲሆን

የጠመንጃው መነጽር ተስተካክሏል፣ ተኳሹም አነጣጥሮ መትቷል ብዬ ልጀምር። እንስሳው ግን ተመቶ ሄደ። እንግዲህ ወደ አረሩ እንምጣ። አረር ስል ከቀለሁ ተነጥሎ የሚበረውን ማለቴ ነው።

ትከሻው ላይ ሰፊ ቁስል አለ፣ መውጫ ቀዳዳ የለም፣ የደም ዱካው ቶሎ ይጠፋል

ደጋግሜ የማየው ይሄን ነው። አረሩ አጥንት ሲነካ ተበታትኖ ሳንባ ሳይደርስ ቀርቷል። እንዲህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ቀላልና ፈጣን አረር ነው። ልባሱ ስስ መዳብ፣ ውስጡ ለስላሳ እርሳስ። ከሩቅ ሲተኮስ ፍጥነቱ በመንገድ ላይ ስለሚቀንስ ደህና ይሠራል። በ50 ሜትር ግን ሙሉ ፍጥነቱን ይዞ ትከሻ አጥንት ላይ ይፈርሳል።

አንድ ጊዜ ከሰዓት የተመታ አጋዘን እስከ ማግስቱ ረፋድ ተከታትለናል። ስናገኘው በሕይወት ነበር። ያ ሌሊት እስካሁን ይከነክነኛል። ስንገፈው ባዶውን ልባስ ከቆዳው ሥር አገኘሁት። እርሳሱ ሥጋው ውስጥ እንደ አሸዋ ተበትኗል። ተኳሹ «ወረቀት ላይ እኮ ንቅንቅ አይልም» ይለኛል። ወረቀት አጥንት የለውም! ዒላማ ላይ የሚያምር አረር ሁሉ ለአደን አይሆንም።

ችግሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካዊው አዳኝ ጆን ኖስለር ካናዳ ውስጥ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ሲያድን አረሩ ጠልቆ አልገባ አለው። ከዚያ መሃሉን በመዳብ ግድግዳ የከፈለ አረር ሠራ። ፊቱ እንስሳውን ሲመታ ተከፍቶ ይሰፋል፣ ኋላው ሳይፈርስ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

መፍትሄው እንዲህ ያለውን ባለ ግድግዳ፣ ወይም ልባሱና እርሳሱ የተጣበቀውን፣ ወይም ሙሉ መዳቡን መያዝ ነው። እርሳስ ያለው ከሆነ ለካሊበሩ (ለአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት) ከበድ ያለውን ምረጡ። ለ30 ካሊበር 180 ግሬን (12 ግራም ገደማ) ጥሩ ነው። እኔ ሙሉ መዳቡን እመርጣለሁ። ክብደቱን ብዙም አይጥልም፣ ልጆች በሚበሉት ሥጋ ውስጥም የእርሳስ ብናኝ አይተውም። ብናኙ ከቁስሉ ርቆ ስለሚሄድ የቆሰለውን ቆርጦ መጣል ብቻ አይበቃም።

ማን እንደሞላው የማይታወቅ ጥይት አትግዙ። በርካሽ ብታገኙትም አትግዙ።

መግቢያውም መውጫውም ጠባብ ነው፣ እንስሳው ሩቅ ይሮጣል

አረሩ አልተከፈተም። ወይ ሙሉ ልባስ ያለው የወታደር ጥይት ነው፣ ወይ ርቀቱ ፍጥነቱን ጨርሶታል። የወታደሩን ለአደን አትንኩት። በብዙ አገር ሕግም ይከለክለዋል። ለዝሆን የሚተኮሰው የማይከፈት አረር ለዚያው ተብሎ የተሠራ ሌላ ነገር ነው። ሙሉ መዳብ ደግሞ ለመከፈት ፍጥነት ይፈልጋል። አምራቹ ያስቀመጠውን ዝቅተኛ ፍጥነት እዩና አረሩ ከዚያ በታች ከሚቀንስበት ርቀት አትለፉ።

ደሙ አረንጓዴ ነገር አለበት

ሆድ ነው የተመታው። ይሄ የአነጣጠር ስህተት ነው፣ አረር መቀየር አያድነውም።

ወደ መዳብ ስትቀይሩ ምቱ ዒላማ ላይ ከተበተነ

መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል በእኩል ክብደት አረሩ ይረዝማል። የአፈሙዛችሁ ጥምዝ (አረሩን የሚያሽከረክረው የውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ) በበቂ ላያሽከረክረው ይችላል። አጠር፣ ቀለል ያለውን ሞክሩ። መነጽሩንም በምታድኑበት በዚያው ጥይት እንደገና አስተካክሉ።