የመካከለኛው ዘመን ሰይፍ ለማሠራት ካሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

መጀመሪያ ያሠራሁት ሰይፍ በፎቶ ሲታይ ዓይን ይስባል። እጄ ላይ ሲያርፍ ግን ዲጂኖ የጨበጥኩ ነው የመሰለኝ። ስመዝነው 2 ኪሎ ከ300 ግራም! ያዘዝኩት የአንድ እጅ ሰይፍ ነበር። በአንጥረኛው ልናደድ አልኩና የላክሁለትን መልእክት መልሼ አነበብኩት። ያለው አራት ፎቶ፣ አንድ ርዝመት፣ ከዚያ "ልክ እንደዚህ ይሁን" የሚል ቃል ብቻ ነው። ሰውየውም የጎደለውን በግምት ሞላው። ከእጀታው ጀምሮ እስከ ጫፉ እኩል 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ሠርቶ ላከልኝ። ፎቶ ውፍረት አያሳይማ!

ስለዚህ ከዚህ በታች የምታነቡት አብዛኛው ስለ ልኬት ነው። ስለ ጌጡ ቢሆን ደስ ይላችሁ ነበር፣ ይገባኛል። ግን ሰይፍን ሰይፍ የሚያደርገው የማይታየው ነገር ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደምትፈልጉት ወስኑ። ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ነው? የተሳለ ሆኖ ምንጣፍ ጥቅልል ምናምን ሊቆረጥበት ነው? ወይስ ከጓደኛ ጋር ልምምድ ሊደረግበት? የልምምድ ሰይፍ ራሱን የቻለ ዕቃ ነው። ጠርዙ ዱልዱም፣ ጫፉ የደነዘ፣ ሲወጉበት የሚለመጥ መሆን አለበት። የጥንቱን የተሳለ ሰይፍ ቅጂ አሠርቶ "እንዳይቆርጥ ብቻ አደንዝዘው" ማለት አያዋጣም። የማይለመጥ ሰይፍ ሳይሳልም ሰው ይጎዳል።

ቀጥሎ የትኛው ሰይፍ? "የመካከለኛው ዘመን ሰይፍ" ማለት ብቻውን "መኪና እፈልጋለሁ" እንደማለት ነው፤ ዘመኑ ራሱ ወደ አንድ ሺህ ዓመት ይጠጋል። የሙያው ሰዎች የሚግባቡት እንግሊዛዊው የሰይፍ ተመራማሪ ኢዋርት ኦክሾት በ1960 እ.ኤ.አ. ባወጣው አመዳደብ ነው። ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች ከ10 እስከ 22 ይሄዳሉ (በሮማውያን ቁጥር ነው የሚጻፉት)። ለምን ከ10 ተጀመረ ካላችሁ፣ አርኪዮሎጂስቱ ሞርቲመር ዊለር በ1927 እ.ኤ.አ. የቫይኪንግ ሰይፎችን በ7 ከፍሎ ነበር፣ ኦክሾት 8ኛና 9ኛ ጨመረበትና የራሱን ከዚያ ቀጠለ። ዓይነት 10 ሰፊ ነው፣ መሃሉን ይዞ ቦይ ይወርዳል፣ ለመቁረጥ የተሠራ ነው። ዓይነት 15 ደግሞ ቦይ የለውም፣ መሃሉ ሸንተረር ያለው፣ ወደ ጫፉ እየሾለ የሚሄድ፣ የጥሩር ክፍተት ፈልጎ ለመውጋት የተሠራ ነው። በነገራችን ላይ ቦዩ "ደም መፍሰሻ" ነው የሚባለው ተረት ነው። ሥራው ብረቱን ሳያደክሙ ክብደት መቀነስ ነው።

ዓይነቱን ከመረጣችሁ በኋላ ግን እዚያ አትቁሙ፣ አንድ የተወሰነ፣ ሙዚየም ውስጥ ያለ ሰይፍ ምረጡ። ከሦስት ሰይፍ እጀታ፣ መስቀለኛ (ከእጀታው በላይ እጅን የሚከልለው አግዳሚ ብረት) እና ስለቱን ለቃቅማችሁ አንድ ላይ ካደረጋችሁት በየትኛውም ዘመን ያልነበረ ነገር ይወጣል። ለምሳሌ በ1825 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ዊተም ወንዝ ውስጥ የተገኘውን እንውሰድ። አሁን ብሪቲሽ ሙዚየም ነው ያለው። ጠቅላላ ርዝመቱ 96.4 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 1.2 ኪሎ። በአንድ ጎኑ ላይ ብረቱ ተቦርቡሮ በወርቅ ሽቦ የተሞላ ጽሑፍ አለ፣ ሁሉም የተስማማበት ፍቺ እስከ ዛሬ የለውም። ይህን ሰይፍ ካሠራችሁ እያንዳንዱን ፊደል በትልቁ የሚያሳይ ፎቶ ላኩ። ትርጉሙ የማይታወቅ ጽሑፍ ሲገለበጥ ስህተቱን ሠሪው በራሱ ሊያርመው አይችልም።

አሁን ወደ ልኬቱ። የሙዚየም ካታሎግ ብዙ ጊዜ ርዝመትና ክብደት ይሰጣችኋል፣ ውፍረት ግን እምብዛም አይጽፍም። እኔን ያስበላኝም እሱ ነው። የዘመኑ የአንድ እጅ ሰይፍ በአብዛኛው ከ1 እስከ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። በሁለት እጅ የሚያዘው ረጅሙም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ከ1.8 ኪሎ አያልፍም። ይህ የሚሆነው ብረቱ መስቀለኛው ጋ ወፍሮ ወደ ጫፉ እየሳሳ ስለሚሄድ ነው። መስቀለኛው ሥር 6 ሚሊ ሜትር የሆነው መሃል ላይ 4፣ ጫፉ አካባቢ 2.5 ሊሆን ይችላል። ከፊት ለፊት ስታዩት ይህ ጨርሶ አይታይም። በጎን አዙራችሁ በአንድ ዓይን ስታነጣጥሩ ነው የሚገለጠው። የእኔ ዲጂኖ በጎን ሲታይ ማስመሪያ ነው።

ስለዚህ ለሙዚየሙ ጻፉ። በትህትና፣ የዕቃውን መለያ ቁጥር ጠቅሳችሁ፣ የምትፈልጉትን ለይታችሁ፦ መስቀለኛው ሥር ያለው ውፍረትና ስፋት፣ ከዚያ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ፣ የቦዩ ርዝመትና ጥልቀት፣ ሚዛኑ የሚቆምበት ቦታ። መልስ ሊዘገይ ይችላል፣ ላይመጣም ይችላል። ካልመጣ ደግሞ ኦሪጅናል ሰይፍ በእጁ ለክቶ የሚያውቅ አንጥረኛ ፈልጉ። ስዊድናዊው ፒተር ዮንሶን በዚህ ነው ስሙን የተከለው፣ በየሙዚየሙ እየዞረ በመለካት። እንደሱ ዓይነቱን ማግኘት ባትችሉም፣ "ስንት ኦሪጅናል ይዘህ ታውቃለህ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። መልሱ ዜሮ ከሆነ ልኬቱን ከየት እንደሚያመጣ ይንገራችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሙዚየሙ ሰይፍ ዛሬ የሚመዝነው ሲሠራ የነበረውን ላይሆን ይችላል። ዝገት በልቶታል፣ እንጨቱና ቆዳው በስብሶ የለም። 1.2 ኪሎ ስላለ "ግራም ሳይጨምር 1.2" ብላችሁ አንጥረኛውን አታስጨንቁት።

ሚዛኑን በተመለከተ ሰይፉን በአግድም ጣታችሁ ላይ አስቀምጡት፣ የማይወድቅበትን ቦታ ፈልጉ። ከመስቀለኛው ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ታገኙታላችሁ። አንዳንድ ሠሪ ብረቱ ሲከብድበት እጀታው ጫፍ ላይ ያለውን ድቡልቡል ብረት (ፖመሉን) አግዝፎ ሚዛኑን ያስተካክላል። በጣት ሲሞከር ልክ ይመጣል፣ ግን ከባድ ሰይፍ የባሰ ከባድ ሆነ ማለት ነው።

ስለ ብረቱ ዓይነት ብዙ አትጨነቁ። ካርቦን ያለው አረብ ብረት ወይም እንደ 6150 ያለ የስፕሪንግ ብረት ይበቃል፣ ዋናው አግሎ ማጠንከሩና ከዚያ መልሶ በመጠኑ ማለስለሱ ነው። በመጠኑ ጎብጦ ሲለቁት ቀጥ ይበል፣ ያ ነው ፈተናው። ስቴንለስ ለዚህ ርዝመት አይሆንም፣ ይሰበራል። ብረት ላይ ብረት ተደራርቦ እንደ እንጨት ጅማት የሚያምር ሞገድ ያለውን ደግሞ ብዙ ሰው ይወደዋል። ለቫይኪንግ ሰይፍ ያስኬዳል፣ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ፈረሰኛ ሰይፍ ላይ ግን ከቦታው ውጪ ነው። ገንዘቡ የናንተ ነው፣ ቅጂ አትበሉት እንጂ።

አሁን እጅግ አስፈላጊው፦ ጭራው። እጀታው ውስጥ የሚገባውን የብረቱን ክፍል ማለቴ ነው። ሰፋ ብሎ ከሰይፉ ጋር አንድ ወጥ መሆን አለበት። ርካሽ ሰይፎች ላይ ቀጭን ባለ ጥርስ ዘንግ ተበይዶ በብሎን ይታሰራል፣ ስትሰነዝሩ ብየዳው ይለቅና ብረቱ ብቻውን ይበራል። በደህና ሰይፍ ጭራው በፖመሉ ቀዳዳ አልፎ ትንሽ ብቅ ይላል፣ ያቺ ብቅ ያለች ጫፍ በመዶሻ እየተቀጠቀጠች እንደ ሚስማር ራስ ትተኛለች፣ በቃ ከዚያ በኋላ አይፈታም። እጀታው ከለበሰ በኋላ ይህን ማየት አይቻልም። ስለዚህ ሳይለብስ የጭራውን ፎቶ እንዲልክላችሁ ውሉ ላይ አስገቡ።

እጀታው አጭር ሲመስላችሁ አታስረዝሙት። የአንድ እጅ ሰይፍ እጀታ በመስቀለኛውና በፖመሉ መካከል መዳፍን ጥብቅ አድርጎ ነው የሚይዘው። ሲሠራ እንጨቱ በክር ይጠመጠማል፣ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ይለጠፋል፣ የክሩ ሸንተረር ከቆዳው ሥር ሆኖ ጣት ላይ ይሰማል። ላብ ባለበት እጅ እንዳያሟልጭ የሚያደርገው እሱ ነው። አፎቱንም አብራችሁ እዘዙ፣ ከስስ እንጨት ለዚያው ሰይፍ ተጠርቦ ቆዳ የሚለብስ ነው። አፎቱን በኋላ በሌላ ሰው ብታሠሩት ሰይፉ ለልኬት ወደዚያ ሰው ተልኮ መሄዱ አይቀርም፣ የማጓጓዣ ወጪ በወጪ።

ውሉ ረጅም መሆን የለበትም። ቀብዱ ስንት እንደሆነ፣ ቢቀር ይመለስ እንደሆነ፣ ክብደቱ ከተባለው በስንት ግራም ቢዛነፍ እንደምትቀበሉ፣ በየትኛው ደረጃ ፎቶ እንደሚላክ፣ ይህ ይበቃል። ስም ያለው አንጥረኛ ጋ ወረፋው ከዓመት ሊያልፍ ይችላል። በየሳምንቱ "የት ደረሰ?" አትበሉት። ብረቱ ተሞርዶ ገና ሳይጠነክር ግን አንዴ ጠይቁት፣ የውፍረት ልኬት ይላክላችሁ፣ ማስተካከል የሚቀለው ያኔ ነው። ሁለተኛውን ሰይፌን ያተረፈልኝ ያ ጥያቄ ነው። ጫፉ አካባቢ 4 ሚሊ ሜትር ነበር፣ በሁለት ቀን ሞረድ ወደ 2.8 ወረደ።

ከውጭ አገር የሚመጣ ከሆነ የጉምሩክና የስለታማ ዕቃ ሕጋችሁን ከማዘዛችሁ በፊት አጣሩ፣ ደረሰኙ ላይም በእጅ የተሠራ አዲስ ቅጂ መሆኑ ይጻፍ። ቅርስ ነው ተብሎ ቢያዝ ማስረዳቱ ራሱ ሌላ ሥራ ነው።

ሲደርስ ከማድነቃችሁ በፊት ሚዛን ላይ አውጡት፣ ውፍረቱን በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ለኩት፣ ካሊፐር ከሌለ ከሰፈር ጋራዥ ተዋሱ። ከዚያ ቤተሰቡ ሁሉ እየተቀባበለ ይነካዋል፣ መቼም አይቀርም። ማታ ላይ የጣቱን አሻራ በሙሉ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና ስስ ዘይት ቀቡት፣ አለዚያ በማግስቱ የማን ጣት የት እንዳረፈ በዝገት ተጽፎ ታገኙታላችሁ።