ኳሷን እግር ላይ አትለጥፏት፦ የስፖርት ጌም ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእግር ኳስ ጌም ለመሥራት የሚነሳ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «በፊዚክስ ልሥራው ወይስ በአኒሜሽን?» ጥያቄው ራሱ ነው የሚያሳስተው። ኳሷ ምንጊዜም የፊዚክስ ናት፤ እንቅስቃሴዋን ኮምፒውተሩ ከኃይልና ከግጭት ያሰላዋል። የተጫዋቹ አካል ደግሞ ከሌላ አካል ጋር እስኪጋጭ ድረስ የአኒሜሽን፣ ማለትም አስቀድሞ የተቀረጸ እንቅስቃሴ ነው። ነገር የሚበላሸው ሁለቱ በሚረካከቡበት ቅጽበት ነው። ከታች የምጽፋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚያች ቅጽበት የሚወለዱ ናቸው፤ ብዙዎቹንም እኔ ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ሁሉንም ነገር ለፊዚክስ መስጠት

የጀማሪ የመጀመሪያ ሕልም ይሄ ነው። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ የራሱ ጉልበት ኖሮት፣ ተጫዋቹ ሚዛኑን በራሱ እየጠበቀ ሲሮጥ፣ አንድም አስቀድሞ የተቀረጸ እንቅስቃሴ ሳይኖር። ሕልሙን እወደዋለሁ። ግን ከመጀመራችሁ በፊት ቤኔት ፎዲ በ2008 ያወጣውን ኪውኦፕ የተባለ የሩጫ ጌም ተጫወቱት። የሯጩን ጭንና ባት በአራት ቁልፍ ለየብቻ ታንቀሳቅሳላችሁ፤ 100 ሜትር መሮጥ ቀርቶ አሥር ሜትር መራመድ ያታግላል። እዚያ መውደቁ ራሱ ጨዋታው ስለሆነ ያምርበታል። 22 ሰው በሚሯሯጥበት ሜዳ ላይ ግን ተጫዋቹ ማሰብ ያለበት ስለ ቅብብል እንጂ ስለ ጉልበቱ አተጣጠፍ አይደለም።

በ2010 ኢኤ ስፖርትስ የተባለው ጌም ሠሪ ኤንቢኤ ኢሊት 11 የተባለውን የቅርጫት ኳስ ጌም ይዞ ሲነሳ ዓላማው ከተቀረጸ እንቅስቃሴ ወጥቶ ተጫዋቹን በጆይስቲክና በፊዚክስ በቀጥታ ማንቀሳቀስ ነበር። የሙከራ ቅጂው ሲለቀቅ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ አንድሪው ባይነም ሁለት እጁን ዘርግቶ መሃል ሜዳ ላይ ተገትሮ የቀረበት ቪዲዮ ዓለምን ዞረ፤ ጌሙም ገበያ ሳይደርስ ተሰረዘ። ያን ግድፈት ፊዚክሱ አመጣው እያልኩ አይደለም። መሠረቱ በሙሉ ሲቀየር ምን ያህል የማረሚያ ጊዜ እንደሚፈልግ ግን ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለኝም።

በቀጣዩ ዓመት የወጣው ፊፋ 12 የመረጠውን መንገድ ነው የማስተምረው። ሩጫውንና ምቱን ለአኒሜሽን ትቶ፣ የአካል ግጭቱን ብቻ ለፊዚክስ ሰጠ። እሱም እንከን አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ ተጫዋቾች እጅና እግራቸው ተጠላልፎ፣ ተቃቅፈው ሲወድቁ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ሞልተው ነበር። ቢሆንም የአወዳደቁ ሁኔታ በሚጋጩበት ፍጥነትና አቅጣጫ የሚወሰን ሆነ፤ ትልቁ እርምጃ እሱ ነበር።

ኳሷን እግር ላይ መለጠፍ

ስለዚህኛው ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሁሌም ስለማየውና ስላንገሸገሸኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተጫዋቹ ኳስ ሲያገኝ ኮዱ ኳሷን ከእግሩ አጥንት ጋር ያስራታል። ከዚያ ወዲያ ኳሷ የራሷ ክብደት፣ የራሷ ፍጥነት የላትም፤ እግሩ በሄደበት ትሄዳለች። ሲመታት ትፈታለች። ለመሥራት ቀላል ነው፤ ለዓይንም ያምራል፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ያየው ሁሉ ያደንቅላችኋል። ከዚያ ተከላካይ ይመጣል። እግሩን ይሰዳል፣ እግሩ ኳሷን አቋርጦ ያልፋል፣ ኳሷ ግን ንቅንቅ አትልም። ለኮዱ በዚያች ሰዓት ኳስ አይደለችማ፤ የአጥቂው ጫማ ቁራጭ ናት። ይሄን ያየ ሰው ደግሞ «ላርመው» ብሎ ሁለተኛ ስህተት ይደርብበታል፦ ተከላካዩ ቀርቦ ቁልፉን ከተጫነ ኮዱ ዕጣ ይጥላል፣ ዕጣው ከወጣለት ኳሷ ከአንዱ እግር ተፈትታ ሌላው እግር ላይ ትለጠፋለች። ይሄ የዕጣ ጨዋታ እንጂ እግር ኳስ አይደለም!

ከዓመታት በፊት ልክ እንደዚህ የሠራሁትን ጌም በላፕቶፕ ይዤ ሰፈራችን ያለ ፕሌይስቴሽን ቤት ሄድኩ፤ ልጆች ሲጫወቱት ማየት ፈልጌ። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ በተከላካይ ሁለት ጊዜ በትክክለኛው ሰዓት ገባ። ሁለቱንም ጊዜ ኳሷ በእግሩ ውስጥ አልፋ ሄደች። ሦስተኛውን አልሞከረም። ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ነክቻታለሁ እኮ» አለኝ። ተነስቶም የተከላካዩ እግር የነበረበትን ቦታ ስክሪኑ ላይ በጣቱ አሳየኝ። እውነቱን ነበር፤ ነክቷታል። ሌላ ነገር ሳይጨምር ወጥቶ ሄደ። የዚያን ዕለት ማታ የማሠሪያውን ኮድ በሙሉ አጠፋሁት።

ኳስ ማንከባለል ማለት የትንንሽ ምቶች ድርድር ነው። ተጫዋቹ እየሮጠ በየሁለትና በየሦስት እርምጃው ይነካታል፤ በመሃል ኳሷ ነፃ ናት፣ ማንም ሊወስዳት ይችላል። ስለዚህ ሥራችሁ ኳሷን ወደ እግሩ መሳብ ሳይሆን እግሩን ወደ ኳሷ መውሰድ ነው። ከጥቂት ፍሬም (ስክሪኑ ላይ በተከታታይ ከሚሳሉት ምስሎች አንዱ ነው) በኋላ ኳሷ የት እንደምትሆን አስሉ። በዚያች ሰዓት እግሩን እዚያ አካባቢ የሚያደርሰውን አኒሜሽን ምረጡ። የቀረችውን ትንሽ ልዩነት በኢንቨርስ ኪነማቲክስ፣ ማለትም እግሩ የሚደርስበትን ቦታ ሰጥታችሁ የመገጣጠሚያዎቹን አተጣጠፍ ኮምፒውተሩ በሚያሰላበት ዘዴ፣ እግሩን በማስጠጋት ሙሏት። እኔ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ድረስ አስጠጋለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ሌላ አኒሜሽን እፈልጋለሁ፤ እሱም ከታጣ ተጫዋቹ ይሳታት። መሳት የእግር ኳስ አካል ነው። በእውነተኛ ሜዳም የተሻማች ኳስ አጥቂው ሲዘል ከግንባሩ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላ ታልፈዋለች፤ ተመልካቹ ጭንቅላቱን የሚይዘው ለዚህ ነው።

በረኛም እንደዚሁ ነው። የሚያድን አኒሜሽን መርጣችሁ ኳሷን ወደ ጓንቱ አትሳቧት። ጓንቱ ከደረሰ ይድረስ፣ በጣቱ ከጨረፋት ትጨረፍ፣ ካልደረሰ ጎል ነው።

የፊዚክሱን ሰዓት አለማወቅ

በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ በሰከንድ 30 ሜትር ትሄዳለች። ጌም የሚሠራበት ኢንጂን የሆነው ዩኒቲ፣ ካልነካችሁት ፊዚክሱን የሚያሰላው በየ0.02 ሰከንዱ ነው። ስለዚህ ኳሷ ከአንዱ ስሌት እስከ ሌላው 60 ሳንቲ ሜትር ትዘላለች። የግቡ ቋሚ ውፍረቱ ቢበዛ 12 ሳንቲ ሜትር፣ የኳሷ ስፋት ወደ 22 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ድምራቸው 34። ኳሷ ከቋሚው በፊት ተሰልታ፣ ቀጥሎ ከቋሚው በኋላ ልትገኝ ትችላለች። ቋሚውን አላየችውም።

ይሄ የደረሰብኝ ሰው በተሰበሰበበት ነው። ፍጹም ቅጣት ምት ነበር፤ አክርሬ መታሁ፣ ኳሷ ቋሚውን ሰንጥቃ ወጣች። የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ ሁሉ አዩት። መፍትሔው ኳሷ ከተነሳችበት እስከምትደርስበት ያለውን መንገድ ጠቅላላ የሚመረምረውን የግጭት ዓይነት ለኳሷ ብቻ ማብራት ነው። ለ22ቱ ተጫዋቾች አካል አታብሩት፤ ማሽኑን በከንቱ ታደክሙታላችሁ።

ከዚሁ ጋር፣ ለኳሷ ኃይል የሚሰጠውን ኮድ ከስክሪኑ ፍሬም ጋር አታያይዙት። በጥሩ ኮምፒውተር ላይ መረብ ላይ የምታርፍ ምት በደካማው ላይ ወደ ውጭ ትወጣለች።

የአየርን ሥራ መርሳት

ጀማሪዎች የስበትን ኃይል በትክክል ይሞላሉ፤ የኳሷንም ክብደት ከ410 እስከ 450 ግራም ያደርጋሉ፤ ከዚያ ኳሷ ለምን እንደ ድንጋይ እንደምትበር ይጠይቁኛል። አየሩ ስለሌለ ነው። የእውነት አየር የሚያሳድረው መጎተት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን መጎተቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ዩኒቲ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚመጣው ግን በፍጥነቱ ልክ ብቻ የሚቀንስ ነው። ሦስት መስመር ኮድ ነውና ራሳችሁ ጻፉት።

ሮቤርቶ ካርሎስ በ1997 ሊዮን ላይ ፈረንሳይ ላይ ያገባትን ቅጣት ምት የማያውቅ የለም። ያችን ኳስ ያጠማዘዛት ሽክርክሪቷ ነው፤ የምትሽከረከር ኳስ አየሩን ወደ አንድ ጎን ትገፋለች፣ አየሩም መልሶ ወደ ሌላው ጎን ይገፋታል። ይሄን ኃይልም ኢንጂኑ አይሰጣችሁም፤ ከሽክርክሪቷና ከፍጥነቷ አባዝታችሁ ራሳችሁ ታወጡታላችሁ። አባዝቼ አውጥቼ ሳለ ኳሷ አልታጠፍ ብላ ሁለት ቀን ሙሉ የራሴን ሒሳብ ስመረምር ነበር። ሒሳቡ ልክ ነው። ዩኒቲ ለረጅም ዓመታት ሲመጣበት የነበረው የሽክርክሪት ጣሪያ በሰከንድ 7 ራዲያን ነው፤ ይህም ከ1 ዙር እምብዛም የማይበልጥ። የተጠማዘዘች ቅጣት ምት በሰከንድ ብዙ ዙር ትዞራለች። ጣሪያውን ከፍ አደረግሁት፣ ኳሷ ታጠፈች። እናንተ ሁለት ቀን አታባክኑ።

የስታዲየም ምርጫ ካላችሁ የአየሩንም ውፍረት ከቦታው ጋር ቀይሩ። ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ከተማ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። እዚህ ረጅም ኳስ ይበልጥ ይሄዳል፣ የሚጠማዘዘው ግን ያነሰ ነው። አንድ ቁጥር መቀየር ብቻ ነው፣ ልዩነቱ ግን እጅ ላይ ይሰማል።

አኒሜሽን በመደመር እናስተካክላለን ማለት

በ2021 የወጣው ፊፋ 22 ሃያ ሁለት ተጫዋቾች ልዩ ልብስ ለብሰው ሙሉ ግጥሚያ ሲጫወቱ የተቀረጸ እንቅስቃሴ ይዞ መጣ፤ የፊፋን ስም ተክቶ የመጣው ኤፍሲ 24 ደግሞ ከ180 በላይ ግጥሚያዎች የተወሰደ መረጃ ተጠቀመ። ይሄን የሰማ ልጅ ሚክሳሞ የተባለ የአኒሜሽን ድረ ገጽ ገብቶ በነፃ ያገኘውን ሁሉ ያወርዳል። 30 እንቅስቃሴ ካላችሁ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወስዱ 870 መሸጋገሪያዎች አሏችሁ፤ በእጅ የሚስተካከል አይደለም። በስምንት ጥሩ እንቅስቃሴ ጀምሩ። ከዚያ ማደግ ስትፈልጉ ሞሽን ማቺንግን ተማሩ፤ በየቅጽበቱ ተጫዋቹ ወደሚሄድበት መንገድ በጣም የሚቀርበውን አቋም ከክምችቱ ፈልጎ ያመጣላችኋል።

እግር መሬት ላይ ሲንሸራተት ካያችሁ የሩጫው ፍጥነትና የአኒሜሽኑ ፍጥነት አልተጣጣመም ማለት ነው፤ ዛሬውኑ አስተካክሉት። የወደቀን ሁሉ ራግዶል (አካሉ ሙሉ በሙሉ ለፊዚክስ የተለቀቀ) አታድርጉ፤ ሰው ሲወድቅ እጁን ይዘረጋል፣ ራግዶል ግን ሬሳ ነው የሚመስለው።

ውበቱን ከምቱ በፊት ማስቀመጥ

አጥቂው እግሩን ወደ ኋላ ሲሰድ 0.4 ሰከንድ ከፈጀ፣ በሰከንድ 60 ፍሬም ላይ 24 ፍሬም ነው። ቁልፉን የተጫነው ሰው ያን ሁሉ ይጠብቃል፣ በመሃል ተከላካይ ደርሶ ይወስድበታል፣ «ተጭኜ ነበር» ይላል። መዘጋጃውን ቆርጣችሁ ከመሃሉ አስጀምሩት። የሰውነቱን መዞር፣ የእጁን መወራጨት፣ የተከፈተውን ደረት ሁሉ ከምቱ በኋላ አድርጉት። ዓይን ልዩነቱን አይለይም፤ አውራ ጣት ግን ይለያል።

ኦንላይን ማጫወትን ለመጨረሻ ማቆየት

በሁለት ማሽን ላይ አንድ ዓይነት ስሌት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጥም፤ ከነጥብ በኋላ ያለች ትንሽ ልዩነት ከአሥር ሰከንድ በኋላ ኳሷን ሌላ ቦታ ታደርሳታለች። በመኪና ኳስ የሚመታበት ጌም ሮኬት ሊግ ፊዚክሱን በሰከንድ 120 ጊዜ ያሰላል፤ እውነተኛዋ ኳስ ያለችው ሰርቨሩ ላይ ነው፤ የተጫዋቹ ማሽን ቀድሞ ይገምታል፣ ከተሳሳተ ይታረማል። ይሄ በስተመጨረሻ የሚለጠፍ ነገር አይደለም። ኦንላይን የምታስቡ ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩት።

ሥራ ይዞልኝ የሚመጣን ሰው የማስደርገው አንድ ነገር አለ። ተጫዋቾቹን ከስክሪን እናጠፋቸዋለን፣ ኳሷ የሄደችበትን መንገድ ብቻ በቀይ መስመር እንስላለን። መስመሩ በአየር ላይ ለስለስ ብሎ ይታጠፋል፤ ድንገት የሚሰበረው እግር፣ መሬት ወይም ቋሚ በነካት ቦታ ብቻ መሆን አለበት። ባለፈው የመጣች ተማሪ የአንድ ደቂቃ ጨዋታ ስላ ስትቆጥር አሥራ አንድ ስብራት አገኘች። ተጫዋቾቹን መልሰን አበራናቸውና አንድ በአንድ አየን። ዘጠኙ ላይ የነካት አለ። ሁለቱ ባዶ ሜዳ ላይ ናቸው፣ በአቅራቢያው ማንም የለም። ላፕቶፗን ወደ ራሷ አዞረችና ከመጀመሪያው ስብራት ኮዱን መፈለግ ጀመረች።